ገዳዩ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሲታወቅ

የአንባቢያን ጥያቄና የዝግጅት ክፍሉ መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከመሀል አዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ጉዳያቸውም አንድ ነው፦ ጃፓናውያት ደራሲያን የሚጽፉትና የጃፓን ቴሌቪዥን የሚያሳየው፣ ጨለማ የበዛበት ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ። ከኢትዮጵያ ሕግ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፣ ከአራት ኪሎ፦ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ካለ መጽሐፍ አዟሪ አንድ የጃፓን ልቦለድ በእንግሊዝኛ ገዛሁ። አንዲት አስተማሪ ክፍል ውስጥ ቆማ ተማሪዎቿን ትሰናበታለች፤ ንግግሯን ሳትጨርስ ትንሿን ልጇን የገደሉት ሁለት ተማሪዎች እነማን እንደሆኑ አወቅሁ። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ገዳዩ ከታወቀ ቀሪው ምን ያደርጋል? ጨርሼው ደግሞ ሦስት ቀን ከፍቶኝ ሰነበትኩ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ስም አለው? ቀጥሎስ ምን ላንብብ?

መልስ፦ ስም አለው፤ ጃፓኖች «ኢያሚሱ» ይሉታል። «ኢያ» የሚቀፍ፣ የሚጎረብጥ ማለት ነው፤ «ሚሱ» ከ«ሚስተሪ» ተቆርጦ የቀረ ነው። ስሙ የወጣለት ከመርማሪው ወይም ከወንጀሉ ሳይሆን አንባቢው አፍ ውስጥ ከሚቀረው ምሬት ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን መክፋትዎ የመጽሐፉ ጉድለት አይደለም፤ የተጻፈው ለዚያ ነው።

ያነበቡት የሚናቶ ካናኤን «ኑዛዜ» ነው። በጃፓን ደንብ የቤተሰብ ስም ስለሚቀድም ሚናቶ የቤተሰብ ስሟ ነው። መጽሐፉ በ2008 ታተመ፤ በ2009 የመጽሐፍ መደብር ሠራተኞች በድምፃቸው የሚሰጡትን ሽልማት አገኘ፤ በ2010 ፊልም ሆነ። ገዳዩን ቀድማ የምትነግረን ጥያቄያችንን ለመለወጥ ነው። «ማን ገደለ?» የሚለው ሲመለስ «ማን ያውቅ ነበር? አውቆስ ለምን ዝም አለ?» የሚለው ይነሳል። ይኼኛው ጥያቄ ከሁለቱ ልጆች አልፎ እናትን፣ የክፍል አለቃን፣ መላውን ክፍል ይነካል። መጽሐፉ ስድስት ምዕራፎች አሉት፤ አንዱ ንግግር ነው፣ አንዱ ደብዳቤ፣ አንዱ የዕለት ማስታወሻ እያለ ይሄዳል። ሁሉም ተናጋሪ የሚያባብለው አድማጭ አለው። እንደገና ሲያነቡት በየምዕራፉ መጀመሪያ ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፉ፦ የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረው ለማን ነው? ምን እንዲባልለት ይፈልጋል? ሦስተኛውን ሲመልሱ የትኛው ዓረፍተ ነገር ውሸት እንደሆነ ይታይዎታል።

ቀጥሎ የኪሪኖ ናትሱኦን «አውት» ያንብቡ። የወጣው በ1997 ሲሆን ከ2003 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይገኛል። አራት ሴቶች በቶኪዮ ዳርቻ በአንድ የምሳ ዕቃ ፋብሪካ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሩዝና ጥብስ እየሞሉ ያድራሉ። አንዷ ባሏን አንቃ ትገድላለች፤ ሌሎቹ ሬሳውን እንድታስወግድ ይረዷታል። ኪሪኖ የምታስፈራው በግድያው አይደለም። ከሥራ የወጣች ሴት እንቅልፍ ሳትተኛ ለቤተሰቧ ምሳ የምታበስለው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ በትክክል ስለምትነግረን ነው። ከዚያ ሚያቤ ሚዩኪ በ1992 ያሳተመችውን «ካሻ» ያግኙ፤ በክሬዲት ካርድ ዕዳ የተዋጠች ሴትና የሌላ ሰው ስምና የቤተሰብ መዝገብ ለብሳ የምትኖር ሴት ታሪክ ነው። የሰውን ማንነት በወረቀት ብቻ መውሰድ እንዴት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። የኪሪኖን «ግሮቴስክ» ግን ለኋላ ያቆዩት፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ለመጀመሪያ ግን በጣም ይከብዳል።

ጥያቄ፣ ከልደታ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። በ«ኑዛዜ» አስተማሪዋ ልጆቹ 13 ዓመታቸው ስለሆነ ሕግ አይቀጣቸውም ትላለች። በሌላው የሚናቶ መጽሐፍ በ«ሾኩዛይ»፣ የተገደለች ልጅ እናት ከአራት የልጇ ጓደኞች ካሳ በምትጠይቅበት፣ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ 15 ዓመት ከተደበቀ አይከሰስም። እውነት ነው ወይስ ለታሪኩ የተፈጠረ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነተኛ ሕግ ነበሩ፤ አንዱ እስከ ዛሬም አለ። የጃፓን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 41 ዕድሜው 14 ዓመት ያልሞላው ሰው ለሠራው ድርጊት አይቀጣም ይላል። በ2000 በተደረገ ማሻሻያ ልጅን ወደ ዐቃቤ ሕግ መላክ የሚቻልበት ዕድሜ ከ16 ወደ 14 ወረደ፤ ከ14 በታች ያሉት ግን እንደነበሩ ቀሩ። ደራሲዋ 13ን የመረጠችው ስለዚህ ነው፤ አንድ ልደት ቢያልፍ ኖሮ አስተማሪዋ ፖሊስ ጋ በሄደች ነበር፣ መጽሐፉም ባልተጻፈ ነበር። የይርጋው፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ነገር ግን ተለውጧል። የነፍስ ግድያ ይርጋ በፊት 15 ዓመት ነበር፤ በ2005 መጀመሪያ 25 ሆነ፤ በኤፕሪል 2010 በሞት ለሚያስቀጣ ግድያ ጨርሶ ተሰረዘ። «ሾኩዛይ» የወጣው በ2009፣ በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ይህን ታሪክ ወደ አዲስ አበባ ላምጣው የሚል ጸሐፊ ከዚህ ላይ ይጠንቀቅ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከኃላፊነት ውጭ የሆነው 9 ዓመት ያልሞላው ነው፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት አጥፊ ተብሎ በልዩ ሁኔታ ይታያል። የ13 ዓመት ልጅ እንግዲህ በእኛ ሕግ እጅ ውስጥ ነው። ዕድሜውን ብቻ ተርጉመው ካለፉ የእናትየው በቀል ምክንያት ያጣል። ይርጋውም በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል 25 ዓመት ነው፤ ለ15 ዓመት የተቀመረው ቀነ ገደብ እንደ አዲስ መሰላት አለበት።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ የ14 ዓመት ልጄ የ«ኑዛዜን» ፊልም ካላየሁ እያለች ነው። ልተዋት?

መልስ፦ አይተዋት። በጃፓንም ፊልሙ የተፈቀደው 15 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው፤ የሕፃን ግድያና ክፍል ሙሉ ተማሪ አንዱን ሲያሠቃይ ያሳያል። ወደፊት ስታየው ደግሞ አንድ ነገር ቀድመው ይንገሯት። ታሪኩ ኤችአይቪ ያለበት ደም ወተት ውስጥ ስለመጨመር ያወራል፤ ቫይረሱ ግን አብሮ በመብላትና በመጠጣት አይተላለፍም። ፊልሙ ሊያሳየን የፈለገው የተማሪዎቹን ድንጋጤና መገለል ነው። ይህን ሳታውቅ የምታይ ልጅ ድንጋጤውን እንደ እውቀት ትወስደዋለች።

ጥያቄ፣ ከካዛንችስ፦ የጃፓን ድራማ ከእንግሊዝኛ ሰብታይትል ወደ አማርኛ ድምፅ እየመለስን ነው። ሁለት ነገር አስቸገረን። የደብዳቤው ጸሐፊ ወንድ ይሁን ሴት እስከ መጨረሻ መታወቅ የለበትም፤ አማርኛ ደግሞ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይል አያልፍም። ሁለተኛ፣ ቃሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሲሰማ አያስፈራም። ምን ጎደለ?

መልስ፦ መጀመሪያ ስለ ጾታው። የጃፓንኛ ግሥ ወንድና ሴት አይለይም፤ ባለቤቱንም ብዙ ጊዜ ጨርሶ ይተወዋል። ደራሲዎቹ ይህን ጸጋ ወጥመድ አድርገውታል፤ ስምም አለው፣ «ጆጁትሱ ቶሪክ»፣ የአተራረክ ወጥመድ እንደማለት ነው። አማርኛ በሩን የዘጋ ይመስላል እንጂ ሦስት መስኮት ትቶልናል።

አንደኛው «እኔ» ነው። «ገባሁ፣ አየሁ፣ ደበቅሁ» ጾታ የለውም፤ ስለዚህ ተጠርጣሪው በተቻለ መጠን ራሱ ይናገር። ሁለተኛው አንቱታ ነው፤ «እሳቸው መጡ»፣ «እርስዎ ያውቃሉ» ሲባል ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሰዎቹ ሁሉ አንተ ተባብለው አንዱ ብቻ በድንገት «እሳቸው» ከተባለ አድማጭ ይነቃል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ትዕይንት አንስቶ መሥሪያ ቤቱን ወይም ሕንፃውን በሙሉ በአንቱታ ማናገር ነው፤ ወጥመዱ ሲመጣ ጆሮ ለምዶታል። ሦስተኛው ተደራጊ ግሥ ነው፦ «በሩ ተከፈተ»፣ «ቢላዋው ታጥቦ ተቀመጠ»። ከሁለት በላይ አታከታትሉት፤ ሦስተኛው ላይ የፖሊስ ሪፖርት ይመስላል። ወጥመዱ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በዋናው ግሥ ሳይሆን በትናንሾቹ ነው፤ «አየኋት»፣ «ልጅቷ»፣ «ግቢ» የሚሉት ላይ። የተጠናቀቀውን ጽሑፍ ለእነዚህ ብቻ ብላችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት። በር ሲንኳኳ «ማን ነው?» ማለት ግን ምንም አያጋልጥም፤ ለሴትም ለወንድም እንዲሁ ነው የምንለው። ድምፁንስ? ደብዳቤው በጸሐፊው ድምፅ ከተነበበ ሁሉም ያበቃል፤ በተቀባዩ ድምፅ አስነብቡት።

አሁን ወደ ማያስፈራው እንምጣ። የጎደለው ትህትናው ነው። በእነዚህ ታሪኮች ክፉ ቃል የሚነገረው በተለሳለሰ አንደበት ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ሁሉንም ሰው በአንድ «አንተ» ጠርቶ ያልፋል። ሰብታይትሉን ብቻ ሳይሆን ጃፓንኛውን በጆሯችሁ ስሙት፤ ቋንቋውን ባታውቁም ከስም ኋላ የሚመጣው ቅጥያ ይሰማል። «ሳን» ሲባል በአማርኛ እርስዎ፣ አቶ ወይም ወይዘሮ ነው። «ቻን» ሲባል ቁልምጫ ነው፤ «ማናሚዬ» ይሆናል። ስሙ ያለ ቅጥያ ሲጠራ አንቺ ወይም አንተ ነው። ቅጥያው የተለወጠበትን ደቂቃ ጻፉ። ቢላዋው የተመዘዘው እዚያ ነው። ይህን አማርኛ ከእንግሊዝኛ በብዙ ይበልጠዋል፤ አሥር ዓመት ባሏን አንተ ስትል የኖረች ሚስት አንድ ጠዋት «ቁርስ ቀርቧል፣ ይብሉ» ካለችው ተመልካቹ ሙዚቃ አያስፈልገውም። እናቶችም በጃፓን በልጃቸው ስም ይጠራራሉ፤ «የእገሌ እናት» የሚለው ሰፈራችን ያለ ስለሆነ እንዳለ ተጠቀሙበት። በእንግሊዝኛው ስማቸው ቢገባም መልሱት፤ የራሷ ስም የጠፋባት ሴት የታሪኩ ግማሽ ናት።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ። 15 ሰዓት ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የጃፓን ቴሌቪዥን መርሐ ግብር 25 ሰዓት ብሎም ይጽፋል፤ እሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ «ዓርብ 25 ሰዓት» ሲል ዓርብ ማታ ያነጋውን ሌሊት ማለቱ ነው። ገጸ ባሕርይ በተራው አቆጣጠር «ዓርብ 1 ሰዓት ሌሊት» ሲል ግን «ዓርብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ብላችሁ ከተረጎማችሁ ግማሹ አድማጭ ዓርብ ማታ ያነጋውን ሌሊት ያስባል፤ በዚህ አቆጣጠር ቀኑ የተለወጠው በእኩለ ሌሊት ነውና ሐሙስ ማታ ያነጋው ነው። «ለዓርብ አጥቢያ» ብትሉ ማንም አይሳሳትም። ተጠርጣሪው «በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበርኩም» በሚልበት ታሪክ ይህች ስህተት ብቻዋን ምርመራውን ታፈርሳለች።

ርዕሶቹም ያታልላሉ። «ኑዛዜ» በአማርኛ ኃጢአትን መናገርም የሟች ቃልም ስለሆነ ለመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲያውም ትርፍ ነው። «ሾኩዛይ»ን «ንስሐ» ማለት ግን ያሳሳታል፤ ንስሐ ከንስሐ አባት ጋር በምስጢር ነው፣ የመጽሐፉ እናት ደግሞ ከአራቱ ልጆች የምትጠይቀው ክፍያ ነው። «ካሳ» ይቀርበዋል። «ካሻ»ን «የእሳት ሠረገላ» ብትሉት አንባቢያችን ኤልያስን ወደ ሰማይ ሲወጣ ያያል፤ በጃፓን ግን ኃጢአተኛን ወደ ሲኦል የሚወስድ ሠረገላ ነው። ርዕሱን ወይ በስሙ ተዉት ወይ «የሲኦል ሠረገላ» በሉት።

ጥያቄ፣ ከስታዲየም፦ ናይል ፐርች የምንበላው ዓሣ ነው። በጃፓን የሴቶች ልቦለድ ርዕስ ውስጥ ምን ይሠራል?

መልስ፦ መጽሐፉ ዩዙኪ አሳኮ በ2015 ያወጣችው ነው፤ «የናይል ፐርች የሴቶች ማኅበር» እንደማለት ነው። የያማሞቶ ሹጎሮን ሽልማት አግኝቷል፤ በ2021 የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል። በትልቅ የንግድ ድርጅት የምትሠራ ሴት፣ ስለ ቤቷ በብሎግ ከምትጽፍ የቤት እመቤት ጋር ጓደኛ ለመሆን ትነሳለች፤ ጓደኝነቱም ማሳደድ ይሆናል። ዓሣው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በሰው እጅ ከገባ በኋላ ብዙዎቹን የሐይቁን የገዛ ዓሦች ጨርሷል፤ ምሳሌው እሱ ነው። ለእኛ አንባቢ ግን ናይል ፐርች የአባያና የቻሞ ተወላጅ ነው፤ ማንንም አልወረረም። ስለዚህ የሚተረጉም ሰው ስለ ቪክቶሪያ የሚያወራ አንድ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያዎቹ ገጾች ውስጥ ካላስገባ ርዕሱ ምሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፣ ከሜክሲኮ፦ ሦስት ሆነን በኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚሆን የዚህ ዓይነት ተከታታይ ድራማ እየጻፍን ነው። ስንት ክፍል ይሁን? ደም ሳናሳይስ ፍርሃቱን ከየት እናምጣው?

መልስ፦ አሥር ክፍል፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። የጃፓን ድራማ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ወቅቶቹ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ይጀምራሉ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ይታያል፣ በ10 ወይም በ11 ክፍል ያልቃል። ማስታወቂያ በሌለው የክፍያ ጣቢያ በዋውዋው ደግሞ ያነሰም ይሆናል። «ሾኩዛይ» በ2012 በኩሮሳዋ ኪዮሺ አዘጋጅነት በአምስት ክፍል ታየ፤ አራቱ ለአራቱ ሴቶች፣ አምስተኛው ለእናትየው። ድራማ ሲረዝም ምን እንደሚሆን ለማየት «ማዘር»ን ውሰዱ፤ አንዲት መምህርት በቤቷ የምትሠቃይ ሕፃን ይዛ የምትጠፋበት የ2010 የጃፓን ድራማ ነው። ጃፓን ውስጥ በ11 ክፍል አለቀ፤ ቱርኮች በ2016 «አኔ» ብለው ሲሠሩት 33 ረጃጅም ክፍል ሆነ። ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ያን ያህል አይቆይም፤ ሦስተኛና አራተኛ ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ግድ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ይቀርና ወሬ ይሆናል። የግድ መርዘም ካለበት በ2019 የታየውን የ20 ክፍል «አናታ ኖ ባን ደሱ»ን ስልት እዩ። የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች በስብሰባቸው ላይ መሞቱን የሚመኙለትን ሰው ስም ጽፈው እንደ ዕቁብ ዕጣ ያወጣሉ፤ ቀልድ ነው ብለው። እያንዳንዱ ወረቀት አዲስ ክፍል ስለሚከፍት ርዝመቱን ይሸከማል።

ለአሥሩ ክፍል እንዲህ አስቡ። የመጀመሪያው በሬሳ ሳይሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለቅ። በሦስተኛው ተመልካቹ ጀግናዋ የማታውቀውን አንድ ነገር ይወቅ። አምስተኛው ላይ የተበዳይና የበዳይ ቦታ ይለዋወጥ። ኑዛዜው ዘጠነኛው ላይ ይምጣ። ብዙ ድራማዎቻችን በካቴና ያበቃሉ፤ እናንተ ግን ካቴናውን አሳልፋችሁ አንድ ሙሉ ክፍል አስቀሩ፣ ምሬቱ የሚቀረው እዚያ ነውና። ገዳዩንም «መንፈስ ነው» ወይም «አብዶ ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ የሚፈልገው ነገር ተመልካቹም የሚፈልገው ይሁን። በ1992 አንድ የጃፓን ድራማ ከእናቱ ጉያ ያልወጣ ፉዩሂኮ የሚባል ባል አሳየ፤ አገሩንም አስፈራ። የመጨረሻው ክፍል 34.1 በመቶ ተመልካች አገኘ፣ ስሙም የእናት ልጅ ለሆነ ባል ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ፍርሃቱን ከቤት ዕቃ አውጡት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሌሊት አንድ ነገር ያጠበ ሰው ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንደጨረሰ፣ ባልወረፋው ቀን ሰባት ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ሲያወጣ ጥበቃው እንዳየው አስቡ፤ ይህ ከማንኛውም የደም ጠብታ የበለጠ ማስረጃ ነው። የጋራ ማብሰያው፣ የዕድሩ መዝገብ፣ ደረጃው ላይ የሚሰማ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሁሉ ይሠራሉ። ቡናውማ የተዘጋጀ መዋቅር ነው። በአቦል አንዷ ስለዚያች ሌሊት ታውራ፤ በቶና ሌላዋ ያንኑ ወሬ አንድ ነገር ብቻ ለውጣ ትድገመው፤ በበረካ ማንም አያንሳው። በረካን ሳትጠጣ የተነሳችው ማን እንደሆነች ካሜራው አንዴ ብቻ ያሳይ። ትዕይንቱን ስትቀርጹ ከሲኒና ከከሰል ድምፅ በቀር ሙዚቃ አታስገቡ፤ ሙዚቃ ተመልካቹን መቼ መፍራት እንዳለበት ስለሚነግረው ጎረቤቶቹን መጠርጠር ይተዋል።

ለአሥረኛው ክፍል እነዚያኑ ሴቶች ያው ክፍል ውስጥ መልሳችሁ አስቀምጧቸው። ረከቦቱ ላይ የሟቿ ሲኒ ከሌሎቹ ጋር ይደርደር፤ ቡና ይቀዳበት። ማንም ስለ ሲኒው አንድ ቃል አይናገር፣ ካሜራውም አይጠጋው።